የአዋላጇ ሞተር ሳይክል መስታወት

መስከረም 9

ለክቡር አጎቴ፣ ለሰዓት ጠጋኙ

ጋሼ፣ ይህ ወረቀት ከእጅዎ ሲገባ እርስዎንም እትዬንም በጤና፣ በተከፈተ በርና በሞላ ቤት ያግኛችሁ። ጉልበትዎ እንደምን ነው? የሱቁ ሥራስ? ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰዓቶች አሁንም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሰዓት ይናገራሉ? እኔ አንድ ነገር ካሳሰበኝ በቀር ደህና ነኝ፤ «ደግሞ መቼ ነው አንድ ነገር የማያሳስበው?» ብለው ሲስቁ ግን ከዚህ ሆኜ ይሰማኛል። ከአራተኛ ክፍል በኋላ ፊደል ያልጠፋብኝ ከጠረጴዛዎ ጎን ተቀምጬ የደንበኞችን ደረሰኝ በመጻፌ ነውና፣ ስህተት ቢያገኙ እንደ ድሮው በእርሳስ አርመው ያንብቡልኝ።

ሥራዬ መልካም ነው። በአንድ የሞተር ሳይክል ጋራዥ ውስጥ በጥገና ክፍል ተመድቤ እገኛለሁ። ግቢው ጠባብ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ የዓመታት ዘይት የጠጣ ሲሚንቶ ነው። አለቃችን አጭርና ደንዳና በመሆኑ ከኋላው «ብሎኑ» ይሉታል፤ ፊት ለፊት እንዲህ ብሎ የጠራውን ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።

የዛሬው ጉዳዬ የአንድ ባልደረባዬ ጉዳይ ነው። እርሱ ሞተር አጣቢ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት አዋላጅ ከሩቅ መንደር ስትመለስ ጎራ አለች። ከሞተሯ ፊት ንፋስ የሚከላከል ሰፊ መስታወት አለ፤ አቧራ እንደ ዱቄት ተነስንሶበት ነበር።

«ወንድሜ፣ እባክህ ይህን ጠረግ አድርግልኝ» አለችው።

«ውሃ ላምጣ፣ ሲስተር።»

«የምን ውሃ! ሌላዋ እኮ እያማጠች ነው። ምጥ ቆይ ሲሉት ይቆያል እንዴ?»

ባልደረባዬ እምቢ ማለት የሚያውቅ ሰው አይደለም። ከትከሻው ላይ ያለውን ደረቅ ጨርቅ አውርዶ፣ ደህና አድርጎ ተጭኖ፣ ክብ በክብ እያዞረ ጠረገላት። በጣሪያው ጥላ ሥር ጥርት ብሎ ታየ። እርስዋም አመስግና ሞተሩን አስነሳች። ከበሩ ወጥታ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን መስታወቱ በሙሉ ሸረሪት ያደራችበት መስሎ በሺህ ቀጫጭን ክቦች ተሞላ። ለካ አቧራው ዱቄት ሳይሆን የላመ አሸዋ ነበር፤ ባልደረባዬ ሲጠርግ ሳይሆን ሲፈጭ ነበር። እርስዋ ቸኩላ አላየችም። እርሱም አልተናገረም። ከዚያ ቀን ወዲህ እህል ከጉሮሮው አይወርድም። የሰዓት መስታወት ሲጫር እንዴት እንደሚያድኑት አውቃለሁና፣ መላ ካለዎት ይጻፉልኝ፤ ለእርሱ እነግረዋለሁ።

የወንድምዎ ልጅ፣ ከጥገና ክፍል

———

መስከረም 28

ለልጄ ለስጋቱ

በያዝከው ሁሉ ቀንቶህ፣ ክፉ ዓይን አልፎህ፣ የዋልክበት ቦታ የሚያከብርህ ይሁን። እትዬህ ደህና ናት። «በሩን ዘግቶ ሦስት ጊዜ እየተመለሰ የሚገፋው ልጄ እዚያ ማን በሩን ይገፋለታል?» ትላለች።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አራት ቦታ አርሜሃለሁ። ስለ ባልደረባህ አዝኛለሁ፤ የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባል የለ? ደግሞ ጭንቀታም ሰው ነው፤ አንተን አንተን ሸተተኝ። ቢሆንም ሰው በሥራው ሲቸገር መላ መስጠት ደስ ይላልና ልብ ብለህ አድምጥ።

አስቀድሞ ያንን መስታወት በጥፍሩ መታ ያድርገው። ድምፁ ጥርት ካለ እውነተኛ መስታወት ነው፤ አይንካው። ድምፁ ከደነዘ ግን ፕላስቲክ ነው፤ ይህም የእኔ ሙያ ነው። ስንቱን የተጫረ የሰዓት ፊት ነው ያዳንኩት! ነጭ የጥርስ ሳሙና፣ ከአተር ፍሬ የማይበልጥ፤ ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ የጥጥ ጨርቅ፤ ከዚያ በጣት ጫፍ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ጭረቱ እስኪጠፋ መፈተግ ነው። ትዕግሥት እንጂ ጉልበት አይጠይቅም። ሌላ ሰው ሌላ ቢለው እንዳይሰማ። እኔ ሠላሳ ዓመት ሠርቼበታለሁ።

ከተማህ ውስጥ ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ ወረንጦ ካገኘህ ላክልኝ። የእኔው ደንዟል፤ ሥራ ደግሞ በዝቶብኛል።

አጎትህ፣ ሰዓት ጠጋኙ

———

ጥቅምት 21

ለክቡር አጎቴ፣ ለሰዓት ጠጋኙ

የላኩት ምርቃት ደርሶኛል፤ በእጥፍ ይመለስልዎ። እትዬን ጉንጭሽን ስሞሻል ብለው ይንገሩልኝ፤ በሩን ራሴ ነው የምገፋው።

ጋሼ፣ ግራ ገብቶኛል። ባልደረባዬ እንዳዘዙት መታ አደረገው፤ ድምፁ ደነዘ። አዋላጇ ዘይት ለማስቀየር ሞተሯን ትታ በሄደችበት ቀን፣ በግራ በኩል ዓይኗ በሚያርፍበት ቦታ ላይ መዳፍ የሚያህል ስፍራ መርጦ በጥርስ ሳሙናው ፈተገው። ጭረቱ በእውነት ጠፋ! ሌላው ሁሉ ጉም ሲመስል ያ ስፍራ የጠራ ምንጭ መሰለ። ባልደረባዬ ያን ቀን ምሳውን ጨረሰ።

ከሳምንት በኋላ ግን አዋላጇ መጥታ አለቃውን ለብቻው ጠራችው። እኔ ከጎማዎቹ ጀርባ ሆኜ ሰማሁ።

«አለቃ፣ እኔስ መጨረሻዬ ነው መሰለኝ» አለችው። «ስነዳ የመንገድ ዳር ምሰሶው ሲቀርበኝ ይወፍራል፤ ካለፍኩት በኋላ ይቀጥናል። መንገዱ ይታጠፋል። ፀሐይዋ ፊቴ ስትመጣ ደግሞ ሁሉ ነጭ ነው።»

«ታይተሻል?»

«ታይቼ! ሐኪሙ ዓይንሽ የንስር ዓይን ነው ብሎ መለሰኝ። እንግዲህ ከዓይኔ ካልሆነ ከጭንቅላቴ ነዋ።»

«ድካም ነው፣ ሲስተር። አዋላጅ መቼ ይተኛል?»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ሩቅ ሩቆቹን መንደሮች ትቻለሁ። መንገድ ሲጠመዘዝብኝ ገደል ብገባስ?»

አለቃው ፍሬኑን አየ፣ ጎማውን አየ፣ መሪውን ነቀነቀ። መስታወቱን አላየም፤ በጥላ ሥር ምን ይታያል?

ከዚያ ወዲህ ባልደረባዬ ያገኘውን ሁሉ «ሰው ጠይቆኝ ነው» እያለ ይጠይቃል። ጎማ ጠጋኙ «ጋዝ አስነካው» ይላል። ሳሙና ሻጯ «በጋዜጣ ነው እንጂ» ትላለች። አንድ ደንበኛ ኮምጣጤ ይላል፤ ሌላው ኮምጣጤ የነካ እጁ ይቆረጥ ይላል። ሁሉም ሲናገሩ እንደ እርስዎ እርግጠኞች ናቸው። ቢናገር ሥራውን ያጣል፤ ዝም ቢል ደግሞ እርስዋ ዓይኗን፣ ዓይኗን እንኳ አይደለም፣ ጤነኛ መሆኗን ታጣለች። ምን ማለቴ እንደሆነ ለራሴም በደንብ አልገባኝም። እንዲያው ምን ያድርግ ይላሉ?

ወረንጦውን አግኝቻለሁ። በሚመጣው ሰው እልካለሁ።

የወንድምዎ ልጅ፣ ከጥገና ክፍል

———

ኅዳር 19

ለልጄ ለስጋቱ

ሰላምህ ይብዛ፤ መንገድህ ይቅናልህ። መልሴ በመዘግየቱ አትቀየመኝ፤ መቀመጫ ጊዜ አጣሁ።

ስለ ባልደረባህ ጉዳይ የምለው አጭር ነው። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። ዝም ይበል። ሥራ ማለት ሲይዙት ቀላል፣ ሲለቁት ግን ዳግመኛ የማይጨበጥ ነገር ነው፤ ሰው ይህን የሚያውቀው ከለቀቀ በኋላ ነው። ሴትዮዋ እያደር ትለምደዋለች። ካልሆነም ሞተሩ ያረጅና ሌላ ትገዛለች። የሳሙናው ነገር እንዴት እንዲያ እንደሆነ አልገባኝም። ሰዓት ላይ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ወረንጦውን ተወው። ይልቅ ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ፣ ቁጥር አርባ አንድ፣ ብታገኝልኝ ደስ ይለኛል። ውሃ የማያስገባ ይሁን።

እትዬህ ሰላም ብላሃለች። ሱቁ እንዳለ ነው።

አጎትህ

———

ታኅሣሥ 1

ለክቡር አጎቴ

ጋሼ፣ ጤናዎን ከሁሉ አስቀድሜ እጠይቃለሁ፤ በዚህ ጊዜ ለወግ ብቻ አይደለም የምጠይቀው። ሙሉ ቀን በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ሶሉ ወፍራም ጫማ ለምን አስፈለገው? ሦስት ቀን አስቤ ስላልገባኝ ነው፤ ጫማውን ግን ገዝቻለሁ።

አሁን የምጽፈውን ሲያነቡ እርሳሱን ያስቀምጡት፤ በእርሳስ የሚታረም አይደለም። ባልደረባ የሚባል የለኝም። አጣቢው እኔ ነኝ። በጥገና ክፍል ሠርቼ አላውቅም፤ ከመጣሁ ጀምሮ በእጄ የያዝኩት ብረት ቢኖር የባልዲው እጀታ ነው። መስታወቱን የጫርኩት እኔ፣ የፈተግኩት እኔ፣ ከጎማ ጀርባ የተደበቅሁትም እኔ ነኝ።

ባለፈው ማክሰኞ አዋላጇ ሞተሩን እየገፋች በእግሯ መጣች።

«እጠበውና በር ላይ አቁመው» አለችኝ። «የሚገዛ ሰው ሊያየው ይመጣል።»

«ለምን ይሸጣል፣ ሲስተር?»

«አበደች ከምባል መሸጡ አይሻልም? ከተማ ውስጥ ተቀምጬ ካርድ እጽፋለሁ።»

ውሃውን ማፍሰስ ጀመርኩ። ከሞተሩ ይልቅ ጫማዬ ላይ ስደፋው አየችና «አንተ ደግሞ ምን ሆነሃል? የምሸጠው አንተን ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። እንዲያ ባትስቅ ኖሮ የምናገር አይመስለኝም። ባልዲውን አስቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ምላሴ ተሳስሮ የጥርስ ሳሙናውን ከአቧራው በፊት አመጣሁት፣ መልሼ አስተካከልኩት፣ ደግሞ አበላሸሁት። ሳይገባት አለቃውን ጠራችው፤ ለእርሱ እንደገና ነገርኩት።

አለቃው ሞተሩን በመሪው ይዞ ከጥላው አወጣና ወደምትወርደው ፀሐይ አዞረው።

«ና ተቀመጥ» አለኝ። «መንገዱን እይ።»

ተቀመጥኩ። ጋሼ፣ መንገድ የሚባል የለም። ነጭ እሳት ብቻ ነው። በመዳፌ ልክ በፈተግኩት ስፍራ ግን አንድ ፍራሽ የተሸከመ ሰው ሲያልፍ አየሁ፤ መሐል ላይ ሲደርስ ሆዱ ተነፋ፣ ሲያልፍ እንደ ክር ቀጠነ።

«አንድ ቦታ ብቻ ስትፈትገው ጎደጎደ» አለ አለቃው። «የጎደጎደ ነገር ያጣምማል። የሰዓት ፊት ቢጎደጉድ ማን ሊሞት? በዚህ ውስጥ ግን ሰው መንገድ ያይበታል።»

ከዚያ እርስዋ ተቀመጠች። ከመስታወቱ በላይ ቀና ብላ አየች፣ ዝቅ ብላ አየች፤ ደግማ ቀና፣ ደግማ ዝቅ አለች። በመጨረሻ ሳቀች። ስትስቅ እኔም ልስቅ ቃጣኝ፤ ወዲያው ሳቋ ተቋረጠ።

«ሁለት እናቶችን መምጣት አልችልም ብያቸዋለሁ» አለችኝ። «አንዷን በር ነቅለው፣ በበሩ ላይ አስተኝተው ተሸክመው ነው ክሊኒክ ያደረሷት።»

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ደህና ናት ወይ ብለህ መጠየቅ የነበረብህ ግን ያን ጊዜ ነው።»

አለቃው ካቻቪቴ አምጥቶ አራቱን ብሎኖች ፈታና መስታወቱን አወለቀው። እርስዋም ባዶውን ሞተር አስነስታ፣ ንፋሱን በፊቷ እየተቀበለች፣ ወደ መንደሮቹ በሚወስደው መንገድ ሄደች። ለእኔ ቻው አላለችም። አለቃው እጁን ሲታጠብ «ነገ ልምጣ?» ብዬ ጠየቅሁት። ውሃው እየፈሰሰ ስለነበር መልስ ይስጠኝ አይስጠኝ አልሰማሁም።

ዝም በል የሚለው ደብዳቤዎ የደረሰኝ በማግስቱ ነው። ቀድሞ ደርሶኝ ቢሆን ኖሮ ታዝዤ ዝም እል ነበር። ከሁሉ ይበልጥ ያስፈራኝ ይህ ነው፤ ለምን እንደሚያስፈራኝ ግን ለርስዎ እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም።

የወንድምዎ ልጅ

———

ታኅሣሥ 13

ለልጄ

ደብዳቤህ በደረሰ ዕለት ነው ይህን የምጽፈው። እንደ ወጉ ልመርቅህ ብዕር አነሣሁና አፈርኩ። ምርቃቱን ከታች ታገኘዋለህ።

ሱቁ ከተዘጋ ዓመት ከአራት ወር ሆነው። ሰዎች ሰዓታቸውን ከስልካቸው ያያሉ፤ የሚያስጠግን ጠፋ። ግድግዳው ላይ የነበሩት ሰዓቶች ካርቶን ውስጥ ናቸው፤ አሁን ሁሉም አንድ ዓይነት ሰዓት ይናገራሉ፤ ቆመዋልና። እኔ የአንድ የእህል መጋዘን በር እጠብቃለሁ። ጫማው ለዚያ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ መቆም ነው፤ መቀመጥ ክልክል ነው። እትዬህ ታውቃለች። የማታውቀው አንተ ብቻ ነበርክ። ርቀህ ስትሄድ «አጎቴ ባለሙያ ነው» እያልክ እንድትሄድ ፈልጌ ነው።

ስለ ጥርስ ሳሙናው። ልጄ፣ ያንን ትልቅ ፕላስቲክ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። አላውቅም ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ግን ከዓመት በላይ ስለ ሥራ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ደብዳቤህ ሲመጣ ደስ አለኝ፤ በደስታዬም መለስኩልህ። ዝም በል ያልኩህ ደግሞ ከእኔው ፍርሃት ነው፤ ለሴትዮዋ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩላትም። በጨርቅ የጫርከው አንተ ነህ፤ መንገዱን ያጣመምኩት ግን እኔ ነኝ። አዋላጇን ካገኘሃት ንገራት።

አባረሩህ ወይስ አላባረሩህም? ጻፍልኝ። ቢያባርሩህም ቤትህ እዚህ ነው፤ በሩን አንተው ትገፋዋለህ።

የተናገርክበት አፍ አይድረቅ። ምርቃቴ ይኸው ነው።

በር ጠባቂው አጎትህ

———

ጥር 4

ለክቡር አጎቴ፣ ለበር ጠባቂው

ጋሼ፣ ቆመው የሚውሉበት ስፍራ ጥላ አያጣ። ጫማውን በትናንትናው ሰው ልኬያለሁ፤ ጣትዎን ከያዘዎ ጎማ ጠጋኙ ማስፊያ እንጨት አለኝ ብሏል። እርስዎ ባለሙያ አይደሉም ያለ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፤ እኔም አልልም።

አባረሩህ ወይ ላሉኝ፣ እንጃ። ቆይ ያለኝም ሂድ ያለኝም የለም። በማግስቱ መጣሁ፣ ባልዲው በቦታው ነበር፣ አነሣሁት። እንዲህ እያልኩ ወር አለፈኝ። አለቃው አሮጌውን መስታወት ግድግዳ ላይ ደገፈልኝና «በዚህ ተማር» ብሎኝ ነበር፤ ይህም ማስተማር ይሁን መቅጣት አልለየሁትም። የተማርኩትን ግን ልጻፍልዎ። መጀመሪያ ከላይ ወደ ታች ውሃ ብቻ ማፍሰስ፤ የደረቀ ትንኝ ካለበት የራሰ አሮጌ ቲሸርት አልብሶ ዐሥር ደቂቃ መተው፤ ከዚያ ለስላሳ ሳሙና በብዙ ውሃ፣ ሳይጫኑ፣ ክብ ሳይሠሩ፣ ቀጥ ባለ መስመር ማውረድ፤ ጨርቁን በየጊዜው ማለቅለቅ። ጋዝ የለም፣ ኮምጣጤ የለም፣ ጋዜጣ የለም። ከሁሉ የሚከብደው መጠበቁ ነው።

ለአዋላጇ አዲስ መስታወት ተገጠመላት። ያሉኝን ነገርኳት፤ «አጎትህ ቢያንስ የሚጽፍ እጅ አለው» አለችኝ።

ትናንት በአቧራ ነጭ ሆና መጣች፤ ሞተሩን እንኳ አላጠፋችም።

«ጠረግ አድርግልኝ፤ ቶሎ በል! ወንዙ ማዶ ያለችው ውሃዋ ፈሷል።»

ጨርቁ ትከሻዬ ላይ ነበር።

«እስኪርስ ዐሥር ደቂቃ ይታገሱኛል?»

«ዐሥር ደቂቃ ከየት አባቴ ላምጣ?»

«እንግዲያው ከነአቧራው ይሂዱ፣ ሲስተር።»

አለቃው ከጎማው ላይ ቀና አለ። «ምን አልክ?»

«በደረቁ አልጠርግም። አቧራው ሲመለሱ ይታጠባል። ጭረት ግን አይታጠብም።»

ጨርቁን ከትከሻዬ አውርጄ ከኋላዬ ደበቅሁት። አዋላጇ እኔን አየች፣ አለቃውን አየች፣ ሰዓቷን አየች። ከዚያ ከመቀመጫው ከፍ ብላ፣ ከመስታወቱ በላይ እያየች፣ ከነአቧራዋ ወጥታ ሄደች።

አለቃው ወደ ጎማው ጎንበስ አለ። ቀና ሳይል፣ «ባልዲውን ሙላ» አለኝ። «ወንዙን ተሻግራ ስትመለስ በጭቃ ተለውሳ ነው የምትመጣው።»

ይህ ቆይ ማለቱ ይሁን ወይስ እንዲሁ ስለ ጭቃ መናገሩ፣ አልገባኝም። ሄጄ ባልዲውን ሞላሁት።

የወንድምዎ ልጅ፣ ሞተር አጣቢው